ጋቢ የለበሰው ግሪን ሃውስ

እናቴ የማታምናቸው ነገሮች ሁለት ናቸው፦ የምንኖርባት የእስራኤል የወደብ ከተማ የአሽዶድ የባሕር ነፋስና የሰው ዓይን። ነፋሱን እንኳ እኔ እችለዋለሁ ብዬ ነበር።

እናቴ የምትሳሳላት ኮሰረት የመጣችው ከጓደኛዋ ደጃፍ ነው። ከአዲስ አበባ በአንድ አውሮፕላን አብራት የመጣች፣ እዚሁ ሰፈራችን ሮቫ ጊሜል የምትኖር ሴት ነበረች፤ ባለፈው ክረምት ሞተች። ቤቱን የገዛው ሰው ደጃፉን በሲሚንቶ ደፈነው። እናቴ ቀድማ የቀነጠሰቻት አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ተረፈች፤ እሷም ሦስተኛ ፎቅ በረንዳችን ላይ ተተክላ ጨው በተሸከመው ነፋስ ጠርዟ እየጠቆረ መድረቅ ጀመረች። ኮሰረት ደርቆ ሱቅ ይሸጣል ስላት፣ "ቅመም አጣሁ አልኩህ?" አለችኝ።

ሥራዬ ወደብ ላይ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮችን ሙቀት መከታተል ነው። የሰው አገር ዓሣ ሳይበላሽ የማሳልፍ ሰው አንዲት ኮሰረት ታቅተኛለች? ከአሮጌ የመስኮት መስታወት ለኮሰረቷ ግሪን ሃውስ የሚሆን ሳጥን ሠራሁ፤ ሴንሰሮች፣ ትንሽ ፓምፕ፣ ማራገቢያ፣ በሞተር የሚከፈት ክዳንና ሐምራዊ አምፖል ገጠምኩለት። ፕሮግራሙን ራሴ ጻፍኩ፦ አፈሩ ሲደርቅ ያጠጣል፣ ሲሞቅ ክዳኑን ይከፍታል፣ ፀሐይ ሲያንስ አምፖሉን አብርቶ የጎደለውን ይሞላል፤ የሚያደርገውንም ሁሉ በስልኬ ይነግረኛል። "የሰው እጅ አያስፈልገውም" ብዬ ገለጽኩላት።

"ቤሴዴር ልጄ፣ ቤሴዴር" አለችኝ። እሺ ማለቷ ነው። ሁለት ጊዜ ከደገመችው ግን እንዳሻኝ አደርጋለሁ ማለቷ ነው።

በማግስቱ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ "ጨለማ ነው" አለኝ። ቀና ብል ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብዬ ተውኩት። ቆይቶ "ሞቋል" አለ፤ ከዚያ "ክዳኑ እምቢ አለኝ"፤ ከዚያ ደግሞ "ጨለማ ነው"። ሲመሽ ከአውቶቡስ ስወርድ ሰፈርተኛው አንጋጦ ቆሟል። በረንዳችን ሐምራዊ ሆኗል። ከሥሩ ብርሃን የሚያፈስ አንድ ነጭ ነገር ብድግ ይላል፣ ቁጭ ይላል፣ ደግሞ ብድግ ይላል።

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ነጩ ነገር የአባቴ ጋቢ ነበር። እናቴ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ብላ ጠዋት ሳጥኑን ጀቡናዋለች። ፕሮግራሙ ፀሐይ የጠፋች መስሎት ቀኑን ሙሉ አምፖል አበራ፤ ሲሞቀው ክዳኑን ሊከፍት ታገለ፤ ጋቢው መልሶ ተጫነው። ማንም እንዳያየው የተሸፈነውን ነገር ሮቫ ጊሜል ውስጥ ያላየው አልቀረም።

ፊት ለፊታችን የምትኖረው ሞሮኳዊት ጎረቤታችን በራችን ላይ ቆማለች። "ሐሺሽ እያበቀላችሁ ከሆነ ንገሪኝ፤ ፖሊስ ሲመጣ የምለውን ልወቅ" አለቻት እናቴን በዕብራይስጥ።

ጋቢውን ስገፍፈው ኮሰረቷ አንገቷን ደፍታለች። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ "ጓደኛዬን እንደገና ቀበርኳት" ብላ አለቀሰች።

ጎረቤታችን አማርኛ ባትሰማም ነገሩ ገባት። "ዓይን ሃራ?" አለች፤ ክፉ ዓይን ማለቷ ነው። እናቴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ኮሰረቷን ተራ በተራ "እንትፍ! እንትፍ!" አሉባት። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፦ "እርጥበቱ በቂ ነው።"

ኮሰረቷ ተረፈች። እኔ ማራገቢያው ነው እላለሁ፤ እነሱ ምራቁ ነው ይላሉ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ጋቢው በስስ ነጠላ ተተካ፤ እሱም ሰው በሚበዛበት ጠዋት ብቻ። ፕሮግራሙንም አረምኩ፦ በቀን ከጨለመ አምፖሉን አታብራ፤ "እማዬ ሸፍናዋለች" ብለህ ላክልኝ። መልእክቱ በየጠዋቱ ሲመጣ እናቴ ደህና አድራለች ማለት ነው፤ ሥራዬን በሰላም እሠራለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት መልእክቱ ቀረ። ብደውል አታነሳም። ለአለቃዬ እንኳ በቅጡ ሳልነግር እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። ሳጥኑ ነጠላውም ክዳኑም ተነሥቶለት ፀሐይ ላይ ተገትሯል፤ እናቴ የለችም። የጎረቤታችን በር ግን ገርበብ ብሏል። ገፋ ሳደርገው ሁለቱ አሮጊቶች የወይራ ፍሬ የነበረበት ባዶ ቆርቆሮ ላይ አቀርቅረው፣ ከኮሰረቷ በተቀነጠሰች ለጋ ቅርንጫፍ ሥር አፈር ይጠቀጥቃሉ።

"ነጠላውስ?" አልኳት፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

"ምን ያደርግልኛል?" አለች ቀና እንኳ ሳትል። "አሁን እኮ ሁለት ሆነች። ዓይን አንዷን ቢበላ አንዷ ትቀረኛለች።"