በታኅሣሥ ውጭ የቀረው አልጋ

ሸዋ ሮቢት በሙቀቱ ወራት አልጋ ግቢ አውጥቶ መተኛት ወግ ነው። አባቴ ጠፍር አልጋውን ማንጎው ሥር ዘርግቶ ሲተኛም ማንም ልብ አላለው። ታኅሣሥ ገብቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ግን አልጋው እዚያው ቀረ።

«አባትሽን አስጠላኋቸው» አለችኝ እናቴ።

አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር አለበት። በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ እየወሰድኩ መርፌ የማስወጋው እኔ ነኝ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል ቤተሰቡ መንገዱን ለእኔ ጥሎታል። በዚያ ወር ተራው ሲደርስ «አልሄድም» አለ። ነዝንዤ በባጃጅ መናኸሪያ አድርሼ አውቶቡስ ላይ ጫንኩት።

ጣርማበር ብርዱ ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ ጋቢውን ሲከናነብ አባቴ አልቦት መስኮቱን ከፈተ።

«አባት፣ ሊገድሉን ነው እንዴ? ይዝጉት!» ተጮኸበት።

ቆላችን ውስጥ ሁሉንም ሰው ስለሚያልበው ላቡን ማንም አላወቀበትም ነበር።

«ይሄ መርፌ እሳት ለቀቀብኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከናትሽ ጋርም አቆራረጠኝ። ከእንግዲህ ይቅርብኝ።»

አልጋው ለምን ውጭ እንደቀረ ያኔ ገባኝ።

አዲስ አበባ ደርሰን ሐኪሙ «ሌላ የሚያስቸግርዎት አለ?» ሲለው፣ «የለም፣ ተመስገን» አለ።

«አለ እንጂ!» አልኩ። «መርፌው የወንድነት ስሜቱን ስለወሰደበት አፍሮ ከእናቴ ሸሽቷል። ሕክምናውንም ሊተው ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ምነው መሬት በዋጠሽ!» ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ሐኪሙ አልሳቀም። ወንበሩን አስጠጋ። «አባቴ፣ ላቡም ሌላውም የመርፌው ነው፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ለሁለቱም የምንሞክረው ነገር አለ። ብቻ በራስዎ እንዳያቋርጡ። ማቀፍን ደግሞ ማን ከለከለዎት? በሚቀጥለው ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ።»

ተወጋ። ስንመለስ አውቶቡሱ ደብረ ሲና ቆመ። እዚያ ቆሎ ገዝቶ ጭኔ ላይ ጣለልኝ፤ «እንኪ፣ አፍሽ ሥራ ይያዝ።»

ለእናቴ ምን እንዳላት አልሰማሁም። የሷን ግን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፦ «አንቱ! ለዚህ ብለው ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የወባ ትንኝ ሲቀልቡ የከረሙት? እኔ እኮ ጠሉኝ ብዬ!» ጠፍር አልጋው በዚያው ቀን ግድግዳ ተደገፈ።

አባቴ ዛሬም ይወጋል፣ ዛሬም ያልበዋል፤ አሁን የምታራግብለት ግን እናቴ ናት። ሐኪሙ ጋም አብረው ገብተው እኔን ደጅ ያስቀምጡኛል። ያንን ሐኪም ሳስበው እመርቀዋለሁ።

ሙቀቱ ሲመለስ ማንጎው ሥር የወጣው የሁለቱ ትልቅ አልጋ ነው። ላግዝ ብዬ ስጠጋ እናቴ አባረረችኝ።

«አንቺ ዞር በይ፤ ያኛውን ጫፍ አባትሽ ይይዙታል።»