ዕጣ ሳይወጣ

«አንቺ ፈርሚና ገላግይን እንጂ፣ አባትሽስ እስከ ምጽአትም እሺ አይሉ!» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ እየገፉ።

«እዚሁ ተቀምጬ ታሚኛለሽ?» አለ አባቴ።

«ሐሜት ከኋላ ነው ጋሽ አንዳርጌ፤ እኔ ፊት ለፊትዎ ነው የምናገር።»

ወረቀቱ የቤት ማኅበራችን የጋራ ግቢ ለዐሥራ ሁለታችን ተቆራርሶ ይከፈል የሚል ነው። ዐሥራ አንዱ ፈርመዋል፤ ደንቡ የአንድም አባል ፊርማ እንዲጎድል አይፈቅድም። አባቴ ዓይኑ ሲደክም አባልነቱን ለእኔ አዛውሮልኛል። የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ልጅ ከነሚስቱና ከነአራስ ልጁ እሳቸው ጋ ተጨናንቋል፤ በሚደርሳቸው መሬት ላይ አንድ ክፍል ሊሠሩለት፣ ፊርማዬን ሳይጠብቁ ሲሚንቶ አስቦክተዋል። መቀመጥ አቅቶኝ ወደ መስኮቱ ሄድሁ። የእርጥብ ሲሚንቶው ሽታ መጣ።

ስድስት ዓመቴ ነበር። ከየአገሩ ለፋብሪካ ሥራ ባሕር ዳር የመጡት ማኅበርተኞች ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ባዶ መሬት ላይ ይሰበሰቡና ሴቶቹ አሸዋ ያመላልሳሉ፣ ወንዶቹ ድንጋይ ያቀብላሉ፣ ከሞተር በቀር የማያውቀው አባቴ ውኃ ልክ ይዞ ግንበኞቹን ሲያስመርር ይውላል፣ እኛ ልጆች ደግሞ የጣና ንፋስ ብሎኬቱን እንዳያደርቀው ውኃ እናጠጣለን፤ ከብሎኬቱ ይልቅ የምንርሰው ግን እኛ ነበርን። ዕጣ የሚወጣው የመጨረሻው ቤት ቆርቆሮ ሲለብስ ነው ተብሎ ስለ ነበር የትኛው ቤት የማን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም በሁሉም ግድግዳ ይጨነቅ ነበር። አባቴ ብቻ አላስቻለውም። ሐይቁን የሚያየውን ቤት ስለ ወደደው፣ ሰው ዞር ሲልለት መዳፌን ያልደረቀው የደፉ ሲሚንቶ ላይ ተጫነው፤ አሻራዬም እዚያው ቀረ። ዕጣው ያንን ቤት ለእትዬ ብርቄ ሰጠ። ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ከቤታቸው ሲወጡ ካዩኝ «ይቅር በይኝ፣ እጅሽን ረገጥሁብሽ!» ይሉኛል።

ይህን ግቢ የምወደውን ያህል ያፍነኛል። ግጥም ስጽፍ መብራት አብርቼ ማምሸቴን ዐሥራ አንድ ቤት ያውቃል፤ ስንት ጊዜ አጥር ተመኝቻለሁ።

«ግቢው ከተቆራረጠ» አለ አባቴ፣ «ድንኳን የምንተክል የት ነው? ሰው ሲሞት የት ልንቀመጥ?»

«ለሚሞተው ቦታ እየጠበቅን የተወለደው ይጣ?» አሉ እትዬ ብርቄ። ድምፃቸው ተሰበረ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም።

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የከፋኝም ይኸው ነው። ያኔ ማኅበርተኞቹ ቤቱ ለማን እንደሚሆን ሳያውቁ ነበር የሚገነቡት። አሁን ክፍሉ ለማን እንደሆነ፣ አጥሩ ማንን ከማን እንደሚለይ አንድ በአንድ እናውቃለን። ያንን አለማወቅ መልሶ የሚያመጣልን ደንብ ደግሞ የለም። አራሱ ልጅ ግን ዛሬ ማደሪያ ይፈልጋል።

ፈረምሁ።

እትዬ ብርቄ ወረቀቱን አላነሡም፤ አባቴን ነበር የሚያዩት።

«እናትሽ ብትኖር ከእኔ ጋር ትቆም ነበር» አለኝ።

«አላውቅም፣ አባዬ።»

ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተነሣ። ልደግፈው እጄን ብዘረጋ አልያዘውም። ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ፤ በሩም ከኋላው ተዘጋ።