የልጅ ልጄና አልከፈት ያለው ባዮስ

የልጅ ልጄን ያለ ጥፋቷ ፈተና ላይ ጣሏት። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይሄ እንዲረሳ አልፈልግም።

እዚሁ አሰላ ኮምፒውተር ትማራለች። ፈተናው ቨርቹዋል ማሽን የሚሉትን፣ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር፣ አስነስቶ ባዮስ ወደተባለው ማስተካከያው መግባት ነበር። ገና ሲነሳ አንዲት ቁልፍ ቶሎ መጫን ነው። ይህን ያላለፈ ለልምምድ ሥራ አይላክም።

«ስንቴ ጫንኩ መሰለሽ፣ እማ! ዓይኔን ሳርገበግብ ያመልጠኛል» ብላ አለቀሰች።

«ሌሎቹስ?»

«እኔ በተፈተንኩበት ኮምፒውተር የተፈተነ ሁሉ ወድቋል።»

ይሄኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እሷን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቷ ወጣሁ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ባዮስ አላውቅም። ግን ኢተያ ገበያ እህል ስሸጥ ነው ያረጀሁት። እዚያ ቁናው የተጠረጠረ ነጋዴ ዝም ብሎ አይከራከርም። ሰው እያየ የራሱን እህል በዚያው ቁና ይሰፍራል።

አስተማሪው ከመቀመጫው ተነሳልኝ። «እማማ፣ ይቀመጡ።»

«አንተ ተቀመጥ። የልጅ ልጄ የወደቀችበት ኮምፒውተር ላይ።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱም እየሳቀ ተቀመጠ። አስነሳው፣ ቁልፏን ነካ፤ ቁልፏን ተጫን የሚለው ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ደገመው፤ አሁንም ጠፋ።

«ጣቴ ዘገየ» አለ።

«የእሷ ጣት ሲዘገይ ነው ዜሮ?»

ከኋላ አንዷ «ዱጋዳ!» ብላ ጮኸች፤ እውነት ነው ማለቷ ነው።

መጀመሪያ በማውሱ የውስጠኛውን መስኮት መንካት እንደሚያስፈልግ ነገረኝ፤ አለዚያ ቁልፏን የሚሰማት የውጪው ኮምፒውተር ነው። የልጅ ልጄ ግን እሱንም አድርጋ ነበር። አስተማሪውም አደረገው፤ አመለጠው። ሳቁን ተወ። ቆይቶ የቨርቹዋል ማሽኑን ቅንብር ከፍቶ፣ ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ እንዲጠብቅ አዘዘው። ቁልፏን ሲጫን የባዮሱ ሰማያዊ ገጽ ወለል አለ።

እልል አልኩ! ምን እንደተጻፈበት አላውቅም፤ ግን ሙሽራ የመጣ ያህል ደስ አለኝ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

«በቃ እማማ፣ እሷን አሳልፋታለሁ።»

«እሷን ብቻማ ሌላ በደል ነው!»

የልጅ ልጄ በነጠላዬ ሥር ቆነጠጠችኝ። ንቅንቅ አላልኩም።

አስተማሪው አንገቱን አከከና ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «ማሽኑን ሳልሞክር ፈተንኳችሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ ኮምፒውተር ላይ የወደቃችሁ ሁሉ ነገ እንደገና ትፈተናላችሁ።»