በፍልሰታ የታጠፈው መጽሐፍ

የድሮ መጽሐፍ ስገልጥ የሚወጣው ያ የርጥበት ሽታ አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ፣ ጉለሌ የነበረው ቤታችን፣ ቆርቆሮውን የሚደበድበው የሐምሌ ዝናብና የታላቅ እህቴ የሒሩት ድምፅ ተያይዘው ይመጡብኛል። አባታችን ከሥራ ቦታው ያመጣውን እንደ ጡብ የወፈረ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ እያነበበች፣ እንግሊዝኛ ለማልችለው ለእኔ በአማርኛ ትተርክልኝ ነበር። ስለሚናገሩ ወንዞች፣ ዘንዶ ስለሚጋልቡ ነገሥታትና ዙፋኗን ስለተነጠቀች አንዲት ንግሥት ነበር ታሪኩ። ለክፉው አማካሪ የሰፈራችንን ባለሱቅ ድምፅ ስታውሰው ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። እንጦጦ ጉም ለብሶ፣ እኛ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን፣ ክረምቱን ሙሉ ሌላ አገር ነበርን።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ፍልሰታ ገባ። እማዬም «ጾም የሆድ ብቻ አይደለም፣ ዓይንም ጆሮም ይጹም» ብላ መጽሐፉን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው። ላለቅስ ስል ሒሩት እጄን ይዛ፣ «ሲፈታ አብረን እንጨርሰዋለን። ያለ አንቺ አንድ ገጽ አልገልጥም፣ ማርያምን» አለችኝ። በእመቤታችን ጾም በስሟ የማለን ሰው ማን ይጠረጥራል። እኔ ከእማዬ ጋር በየቀኑ ቅዳሴ እሄድ ነበር፣ ሒሩት ቤት ጠባቂ ሆና ትቀር ነበር። እግሬ እየዛለ ቆሜ ሳስቀድስ፣ ንግሥቲቱ ዙፋኗን እንድታገኝ እመቤታችንን እለምንላት ነበር።

ጾሙ በተፈታ ማግስት ብርድ ልብሳችን ውስጥ ገባን። ንግሥቲቱ ለውጊያ ፈረሷ ላይ ስትወጣ፣ ሒሩት ገና ገጹን ሳትገልጥ ድምፅዋ ተቆራረጠ፣ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ።

«ምን ሆንሽ? ገና መውጣቷ ነው እኮ» አልኳት።

«እ... ማለቴ፣ ታሳዝናለች፣ በቃ» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ።

ያኔ ገባኝ። እኔ ለንግሥቲቱ ስለት ልሳል ጥቂት ሲቀረኝ፣ እሷ ቤት ስትጠብቅ የንግሥቲቱን ሞት አንብባ፣ አልቅሳ፣ መጽሐፉን ወደ ቦታው መልሳ ነበር። የንግሥቲቱ መሞት አይደለም ያንገበገበኝ፤ እህቴ ለብቻዋ ማልቀሷ ነው። «ተይው፣ አልፈልግም» ብዬ ብርድ ልብሱን ጥዬላት ወጣሁ።

ዛሬ የራሴ መደርደሪያ አለኝ፣ ማንም ሳይተረጉምልኝ የቱንም ወፍራም መጽሐፍ እንደ ልቤ አነባለሁ፤ እንደዚያ ክረምት ግን ሩቅ አገር ደርሼ አላውቅም። አዲስ መጽሐፍ መግዛቴን በሰማች ቁጥር ሒሩት ትደውልና፣ «ጀመርሽው እንዴ? አብረን እናንብበው» ትለኛለች። ጨርሼው እንኳ ቢሆን፣ «ገና አልጀመርኩትም» እላታለሁ።