መቀነስ የረሳው ድምር

ያኔ በከተማችን ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ባለ አንድ የጤና መሥሪያ ቤት የመረጃ ባለሙያ ነበርኩ። በዓመት አንዴ የዓይን ሞራ በነጻ የሚገፍፉ ሐኪሞች ለጥቂት ቀናት ይመጣሉ፤ እኛ ተራ እንመዘግባለን። የከተማው ሰው ቦታውን ጠቅልሎ እንዳይወስደው ለየቀበሌው ኮታ ተመድቧል። ኮታው የሞላ ቀበሌ ስክሪኑ ላይ ቀይ ይሆናል።

ከእኔ በፊት ምዝገባውን የያዙት አንዲት አንጋፋ ነርስ ነበሩ፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። መሣሪያቸው እርሳስ፣ ላጲስና ለየቀበሌው አንድ ገጽ ያለው ደብተር ነበር። አንድ የደጋ ሰው ወደ ከተማው ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ፣ ልጁ ዘንድ ወርዶ ምዝገባው ሲዛወር፣ ስሙን ከደጋው ገጽ ይፍቁና ሲቀላው ላይ ይጽፉታል። ደብተሩ ከመፋቅ ብዛት ሳስቷል። እኔ በሆዴ እስቅ ነበር።

የእኔም የመጀመሪያ ሥራ የሚያስመካ አልነበረም። የአንድ ቀበሌ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ዳታቤዙ የተመዘገበውን ስም ሁሉ ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል። በዚያ ላይ ኔትወርኩ አለ። ሰልፈኛ አቁመን ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ እናያለን። ስለዚህ የየቀበሌውን ድምር ብቻ የሚይዝ ትንሽ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ አዲስ ስም በገባ ቁጥር ድምሩ በራሱ አንድ ይጨምራል። እንደ አዲስ መቁጠር ቀረ፤ ድምሩ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይመጣል። ደረቴን ነፍቼ ለሲስተር አሳየኋቸው።

"ቀበሌ የሚቀይረውስ?" አሉኝ።

"ሲስተሙ ያውቀዋል፣ ሲስተር።"

የሚያውቀው ግማሹን ነበር። ሰው ሲዛወር አዲሱ ቀበሌ ላይ ይደምራል፤ ከለቀቀው ቀበሌ ግን አይቀንስም። ያን መስመር አልጻፍኩትም። ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ከፍጥነቱ ሌላ ነገር አልታየኝም።

በምዝገባው መጨረሻ ቀን ከጨንቻ በላይ ካለ የደጋ ቀበሌ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ መጡ። ሲቀላ የምትኖር ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛለች። ሁለቱንም ዓይናቸውን ነጭ ሞራ ጋርዶታል። ቀበሌያቸውን ከፈትኩ፤ ቀይ።

"ሞልቷል አባባ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይምጡ።"

"እንደገና እየው ልጄ። የእኛ ሰው ብዙ አልወረደም፤ እኔ አውቃለሁ። ክር ሲበጠስ አላይም፤ ዘንድሮ ሽመና ተውኩ።"

እንደገና ማየት ማለት ስሞቹን መቁጠር ነበር። እኔ ግን ስክሪኑን ወደ ልጅቷ አዞርኩላት። ምናልባት የሚቀር ሰው ቢኖር ብላ ስልኳን በብጣሽ ወረቀት ጽፋልኝ፣ አባቷን ይዛ ወጣች።

በሕክምናው የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሞቹ ባዶ አልጋ ይዘው ቁጭ አሉ። ሲስተር ነገሩ አልዋጥ ስላላቸው ስም ዝርዝሩን አሳትመው በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። የሽማግሌው ቀበሌ ኮታ አሥራ አምስት ነው፤ ያለው ስም አሥራ አንድ። አራቱ ሲቀላ ከተዛወሩ ቆይተዋል። ብጣሹን ወረቀት ፈልጌ ደወልኩ። አባቷ እስከ ዋዜማው እሷ ጋ ሰንብተው፣ ያን ዕለት ጠዋት በጨንቻ መኪና ወጥተዋል። እሳቸው ስልክ የላቸውም። ሐኪሞቹ በማግስቱ ሄዱ። ሲስተር አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የጎደለውን መስመር ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ድምሩን በየጠዋቱ ከስሞቹ ጋር የሚያመሳክር ሥራም ጨመርኩበት። በዓመቱ የሽማግሌውን ስም ከሁሉ አስቀድሜ መዘገብኩና ጨንቻ ድረስ ወጥቼ ራሴ ይዣቸው ወረድኩ። ሐኪሙ ባትሪውን አብርቶ ብዙ አያቸው። ከዚያ ለእኔ በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ ሞራው በመቆየቱ የዓይናቸው ግፊት ጨምሮ ነርቩን ገድሎታል፤ አምና ቢመጡ ኖሮ ይድኑ ነበር። አምና መምጣታቸውን አልነገርኩትም።

ስንመለስ የጨንቻውን ዳገት ስንወጣ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ጉልበቴን ይይዙ ነበር።

"ዘንድሮም ሞልቷል አሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

"አልሞላም አባባ። አምናም አልሞላም ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

እጃቸውን ከጉልበቴ ላይ ቀስ አድርገው አነሱ።