በመንገድ ዳር የቆመው ጋን

የመንደሩ ጉድጓድ ውሃ እንዳይጠጣ መባሉን ሲሰሙ፣ ሽማግሌው ከየመኗ ኢብ ከተማ በሚወርደው መንገድ ዳር ያቆሙትን ጋን እየሞሉ ነበር። ጋኑን ዘንበል አድርገው ውሃውን አፈሰሱት።

ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ፣ መንገደኛ ጠጥቶ እንዲመርቃት በየማለዳው ይሞሉት ነበር።

ጫት አመላላሹ ሙቅቢል ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ ጣሳውን አነሣ።

«ሐጂ፣ ጋኑ ባዶ ነው! ዛሬ በደረቅ ጉሮሮ ሊያስቅሙኝ ነው እንዴ?»

«ጉድጓዱ ተበላሽቷል ልጄ። ከላይ የተከመረው ቆሻሻ በዝናቡ እየታጠበ ገብቶበታል።»

«ኧረ ከጉድጓዱም ቢሆን ትንሽ ይቅዱልኝ! የሚስቴ ወጥ ያልገደለኝን እኔን ውሃ ይገድለኛል?»

«በእሷ ስም ሰው አላሳምምም።»

ሙቅቢል ሳቁን ዋጠ። ጣሳውን መለሰና፣ አንድ ጉንጭ እንኳ ሳይጠጣ «አላህ ይዘንላት» ብሎ ሄደ።

ሽማግሌው ጣሳውን በሽርጣቸው ጫፍ ወልውለው ከሚስማሩ ላይ ሰቀሉት፤ ከዚያም ቀና ብለው ወደ ክምሩ አዩ። ሚስታቸው ታማ የተኛችበትን ፍራሽ እሳቸውም የጣሉት እዚያው ነው።

ጋኑ አሁንም ባዶውን ቆሟል። ክምሩን እስከ ዛሬ ያነሣው የለም።