የሌሊት ወፏ ኩላሊት

ታናሽ እህቴን እኛ ቤት «መርፌ» ነው የምንላት። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የያዘችውን ሳትበሳ አትለቅም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እሷ ደግሞ ቤተ ሙከራ ውስጥ የእንስሳት ጉበት፣ ልብና ኩላሊት እየቆረጠች ትመረምራለች። እናታችን ሲጠይቋት «ልጄ ሐኪም ቢጤ ናት» ትላለች፤ ምን ታድርግ!

አንድ ቀን ጨርቅ እየቀደድኩ «እስቲ ሥራሽን አስረጂኝ» አልኳት።

«ጉበትሽም ልብሽም ውስጥ ያሉት ጂኖች፣ ማለት ዘረ መሎቹ፣ ያው አንድ ናቸው። ልዩነቱ የትኛው ይሠራል፣ የትኛው ዝም ይላል ነው። ደግሞ አብረው የሚነሱ፣ አብረው የሚያርፉ አሉ። አይጥና ላም ከአንድ የዘር ግንድ ከተለያዩ ስንት ሚሊዮን ዓመት ሆናቸው፣ ያ ጉድኝት ግን አልተፈታም።»

«እንደ ሰፈራችን ሴቶች በያቸዋ! አንዷ ካልተነሳች ሌላዋ ገበያ አትወጣም።»

ሳቀች። «የኔ የሌሊት ወፍ ግን ጉድ አሳየችኝ። በሌሎቹ እንስሳት ኩላሊት ዝም የሚሉ ጂኖች እሷ ጋ አንድ ላይ ይሠራሉ።»

ትልቅ ግኝት ነው ተባለ። አለቃዋ ሰኞ ለቅጥር ኮሚቴው አቅርቢ አሏት፤ ከተቀበሏት ቋሚ ተመራማሪ ትሆናለች፣ ካልሆነ ውሏ ያበቃል። እኔማ ቤቱን በእልልታ ልሞላው ምንም አልቀረኝ።

ዓርብ ከሰዓት ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ለካ ኩላሊት አናት ላይ አንዲት እጢ አለች፤ የሌሊት ወፍ ላይ ሲሆን ከምስር ፍሬ አትበልጥም። የተረፈውን ቁራጭ በማጉያ መነጽር ስታይ እጢዋ እዚያው ተለጥፋለች። የኛዋ መርፌ እጢዋን ሳታነሳት ነው ኩላሊቱን የቆረጠችው። እነዚያ ጂኖች የኩላሊቱ ሳይሆኑ የእጢዋ ነበሩ።

«ማን አየ?» አልኳት።

«ማንም።»

«እንግዲያው ዝም በያ! በገዛ እጅሽ ጉሮሮሽን ልትዘጊ ነው?»

«እትዬ፣ የሌሊት ወፏ ምንም አልቀየረችም። እኔ ነኝ አበላሽቼ የቆረጥኩት። ነገ ሌላው በኔ ስህተት ላይ ዕድሜውን ይጨርሳል።»

«ይጨርሳ!» ብዬ ጮህኩባት። ከልቤ ነበር።

ሰኞ ኮሚቴው ፊት ቆማ ሁሉንም ተናገረች። ቦታው ለሌላ ተሰጠ። እሷ ግን ውሏ ሳያልቅ የሌሊት ወፏን ሌላኛውን ኩላሊት፣ እጢዋን ነጥላ፣ እንደገና ቆርጣ አስመረመረች። ውጤቱ የመጣ ቀን ሱቄ ድረስ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ እሷም እንደ አይጧ፣ እንደ ላሟ ናት! የጂኖቹ ጉድኝት ይኸን ሁሉ ዘመን ሳይፈታ! አይገርምሽም?»

ውሏ አልቋል፣ ሥራ የላትም፤ ዓይኗ ግን በደስታ እንባ ሞልቷል።

«በጣም ይገርመኛል» አልኳት። የገረመችኝ እሷ እንደሆነች አልነገርኳትም።